ዘራቸውን ከመርከብ የሚቆጥሩ

ሪቻርድ ሞር መርከብ ላይ ሲጫን ስድስት ዓመት አልሞላውም። ሁለት እህቶቹና አንድ ወንድሙ አብረውት ነበሩ፤ ትንሿ ሜሪ ገና የአራት ዓመት ልጅ ናት። ሽሮፕሺር በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ የመሬት ባለቤት የነበረው ሳሙኤል ሞር፣ ልጆቹ መልካቸው የእኔ አይደለም፣ ሚስቴ ከሌላ ሰው የወለደቻቸው ናቸው በማለት ከእናታቸው ነጥቆ ውቅያኖስ ለሚሻገሩ ሰዎች አስረከባቸው። በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ሦስቱ ሞቱ። ሪቻርድ ብቻ ተረፈ። አድጎ የመርከብ አዛዥ ሆነ፤ ሴለም በምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ አርጅቶ ሞተ፤ መቃብሩም እስካሁን እዚያው አለ።

ዛሬ በአሜሪካ ከዚህ ከተካደ ልጅ መወለድ ክብር ነው። ከእሱ መወለዱን በሰነድ ያረጋገጠ ሰው፣ በደመቀ ማኅተም የተመታ የአባልነት ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን የሚሰጠው የሜይፍላወር ተወላጆች ጠቅላይ ማኅበር ይባላል። የማኅበሩን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው በቁርጥራጩ ነው፤ አንዱን ከፊልም፣ አንዱን ከታንክስጊቪንግ ማዕድ፣ አንዱን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት ከሚመጡት የወረቀት ባርኔጣ። እዚህ ከሥሩ እንተርከዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከ1620 እስከ 1651፦ ላም የተካፈሉ ሰዎች

ሜይፍላወር 102 መንገደኞችን ይዛ ከእንግሊዟ ፕሊማውዝ የተነሳችው በመስከረም 1620 ነው፤ በእኛ ምድር አፄ ሱስንዮስ ነግሠው ነበር። ከመንገደኞቹ ከፊሎቹ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተገንጥለው በሆላንዷ ላይደን በስደት የኖሩ አጥባቂ ምእመናን ነበሩ። የቀሩት ግን ለሃይማኖት ብለው የተሳፈሩ አይደሉም፤ ሎሌዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ዕድላቸውን የሚሞክሩ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው መኳንንት አልነበረም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በኋላ «ጨዋ ዘር» ተብሎ የሚቆጠረው ከእነዚሁ ነውና።

ጉዞው በማዕበል ረዘመ። ያሰቡት ሃድሰን ወንዝ አጠገብ መድረስ ነበር፤ ነፋሱ ወደ ሰሜን ገፍቶ ኬፕ ኮድ ላይ ጣላቸው። ቦታው ከተሰጣቸው ፈቃድ ውጭ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ማንም አያዘንም የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። ያን ለማብረድ 41 ወንዶች በአንድ ሕግ ለመተዳደር በመርከቧ ላይ የፈረሙት አጭር ውል ነው ዛሬ «የሜይፍላወር ውል» እየተባለ የሚነበበው። ሴቶች አልፈረሙም። ከተሳፈሩት 18 ባለትዳር ሴቶች የመጀመሪያውን መከር ያዩት አራት ብቻ ናቸው። ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ በዚያው የበረዶ ወራት አለቁ።

የሰፈሩበት ቦታ ባዶ ምድር አልነበረም። ፓቱክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበር፤ ከ1616 እስከ 1619 የገባ ወረርሽኝ ነዋሪውን ፈጅቶት እርሻው ብቻ ቀርቷል። ቲስኳንተም የተባለው የዚያ መንደር ልጅ በ1614 በእንግሊዛዊ መርከበኛ ታፍኖ ስፔን ተሽጦ፣ ዞሮ ዞሮ አገሩ ሲገባ ወገኑን ሁሉ ሞቶ አገኘው። እንግዶቹን በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያስተማራቸው እሱ ነው። የዋምፓኖአጉ አለቃ ኡሳሜክዊንም (በማዕረግ ስሙ ማሳሶይት) በ1621 ከእነሱ ጋር የመረዳዳት ቃል ኪዳን ገባ። ወገኑ በወረርሽኙ ስለተመናመነ፣ በሽታው ካልነካቸው ጎረቤቶቹ የሚከላከልለት አጋር ያስፈልገው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ኑሮ የገበሬ ኑሮ ነው፤ እናልፈዋለን። ሁለት ወረቀቶችን ግን አንዘልም። የመጀመሪያው የ1627 የከብት ክፍፍል ነው። ሰፋሪዎቹ እስከዚያ በጋራ የያዟቸውን ላሞችና ፍየሎች ሲካፈሉ ሕዝቡን በ12 ምድብ፣ እያንዳንዱን ምድብ 13 ሰው አድርገው ጻፉት። ከብቷ ለምድቡ ስለሆነች፣ እያንዳንዱ ነፍስ ድርሻ ስላለው፣ ሴቱም ሕፃኑም በስሙ ተመዘገበ። ላም ለመካፈል የተጻፈው ያ ዝርዝር ዛሬ የዘር ማስረጃ ነው። ሁለተኛውን የጻፈው ለብዙ ዓመት ገዥያቸው የነበረው ዊልያም ብራድፎርድ ነው። በእርጅናው በመርከቧ የመጡትን ቤተሰብ በቤተሰብ ዘርዝሮ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ስንት ልጅ አለው እያለ ከእያንዳንዱ ስም ሥር አሰፈረ። ከቀድሞዎቹ በሕይወት ያሉት ወደ 30፣ ከእነሱ የተወለዱት ደግሞ ከ160 በላይ መሆናቸውን ቆጠረ። ከዝርዝሩ ጆን ቢሊንግተንን አላወጣውም፤ በ1630 ሰው ገድሎ ተሰቅሏል ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ቤተሰብ አለፈ።

ከ1675 እስከ 1774፦ ጦርነቱና ድንጋዩ

ቃል ኪዳኑ ከአባቶቹ ጋር ሞተ። የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም፣ እንግሊዞቹ ንጉሥ ፊልጶስ የሚሉት፣ መሬቱ ቁራጭ በቁራጭ ሲወሰድበት በ1675 ጦር አነሳ። ጦርነቱ ከሁለቱም ወገን መንደር አጠፋ። በ1676 ሜታኮም ተገደለ፤ ራሱ ተቆርጦ በፕሊማውዝ እንጨት ላይ ተሰካ፤ ከ20 ዓመት በላይም እዚያው ቆየ። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ጨምሮ ብዙ ምርኮኛ ለባርነት ተሸጠ። ይህን ያደረጉት በመርከቧ የመጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

በ1691 ፕሊማውዝ ራሷን የቻለች ግዛት መሆኗ ቀርቶ ወደ ማሳቹሴትስ ተጠቃለለች። ፖለቲካዋ ሲያበቃ ትዝታዋ ጀመረ። በ1741 ወደብ ሊሠራ ሲታሰብ፣ ቶማስ ፎንስ የተባሉ የ94 ዓመት ሽማግሌን በወንበር ተሸክመው ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዷቸው። እሳቸውም አንድ ድንጋይ አሳይተው፣ አባቶች መጀመሪያ የረገጡት ይህን ነው ብለው ተሰናበቱት። የፎንስ አባት የመጡት ከሜይፍላወር ሦስት ዓመት ዘግይተው ነው። ብራድፎርድም ሆነ ሌላ የዓይን ምስክር ድንጋይ የሚባል ነገር አላነሳም። ድንጋዩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀደሰ።

በ1769 የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ኦልድ ኮሎኒ ክለብ የሚል ማኅበር አቋቁመው የአባቶች ቀን ብለው ማክበር ጀመሩ። እዚህ ላይ ቀን መቁጠር ለሚያጨቃጭቀን ለእኛ የሚጥም ስሕተት አለ። አባቶቹ የወረዱት በአሮጌው አቆጣጠር ታኅሣሥ 11 ነው፤ ወደ አዲሱ ሲመለስ አሥር ቀን ጨምሮ 21 መሆን ሲገባው፣ አሥራ አንድ ጨምረው 22 አደረጉት። ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ብዙዎቹ በስሕተቱ ቀን ያከብራሉ። በ1774 ደግሞ የእንግሊዝን ንጉሥ የተቃወሙት ወጣቶች ድንጋዩን በበሬ አስጎትተው አደባባይ ሊያቆሙት ሲሞክሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹን ይዘው ሄዱ።

ከ1820 እስከ 1856፦ የጠፋው መጽሐፍ ሲገኝ

ለሁለት መቶኛው ዓመት በፕሊማውዝ የተናገረው ዳንኤል ዌብስተር ነበር፤ ያን ጊዜ በአገሩ አንደበቱ የሚፈራ ጠበቃ ነው። በንግግሩ የአባቶቹን ድፍረት የአገሩ የነጻነት ምንጭ አደረገው፤ በዚያው ንግግር በኒው ኢንግላንድ ወደቦች ገና በስውር የሚካሄደውን የባሪያ ንግድም አወገዘ። በዚያው ዓመት ፒልግሪም ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1824 የቅርስ አዳራሹን ከፈተ። የሩቅ አገር ሰው «ፒልግሪም» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከዚህ ወዲህ ነው። በ1858 ሎንግፌሎ ስለ መርከቧ መንገደኞች ስለ ጆን አልደንና ስለ ፕሪሲላ የጻፈው ግጥም ሲወጣ ሁለቱ የቤት ሁሉ ስም ሆኑ፤ ገጣሚው ራሱ ከእነሱ የሚወለድ ሰው ነው።

ያ የመንገደኞች ዝርዝር ያለበት የብራድፎርድ መጽሐፍ ግን ያኔ የለም። ቦስተን በኦልድ ሳውዝ ቤተ ክርስቲያን ማማ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በአሜሪካ አብዮት ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን የፈረስ መለማመጃ አድርገውት ሲወጡ መጽሐፉ አብሮ ጠፋ። በ1855 ለንደን ፉልሃም በሚገኘው የጳጳሱ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ታተመ።

ምን እንደለወጠ በአንድ ሰው እንየው። ጆን ሃውላንድ የተባለ ሎሌ በማዕበሉ መሐል ከመርከቧ ወድቆ፣ ባሕር ውስጥ የተጎተተ ገመድ ይዞ ተንጠልጥሎ ዳነ። ይህን የነገረን ብራድፎርድ ብቻ ነው። ዘሮቹ ለትውልድ ትውልድ ሲያወሩ የኖሩት፣ ሃውላንድ ያገባው የመጀመሪያውን ገዥ የጆን ካርቨርን ልጅ ነው እያሉ ነበር፤ የገዥ አማች መሆን ደስ ይላል። መጽሐፉ ሲገለጥ ሚስቱ ኤልዛቤት ቲሊ ሆና ተገኘች፤ እናትና አባቷ በመጀመሪያው የበረዶ ወራት የሞቱባት የ13 ዓመት ገደማ ወላጅ አልባ። አሥር ልጆች ወለዱ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ ሁለቱ ቡሾች፣ የፊልም ተዋናዩ ሃምፍሪ ቦጋርት ሁሉ የእነዚህ ባልና ሚስት ተወላጆች ናቸው። አንድ ዝርዝር የገዥ ደም ነሥቶ የሙት ልጅ ደም ሰጣቸው። ይህን ነገር ማኅበሩ ሲቋቋም እንመለስበታለን።

ከ1892 እስከ 1899፦ በሩ በተከፈተበት ዘመን የታጠረ አጥር

በ1892 ኒው ዮርክ ወደብ አፍ ላይ ኤሊስ ደሴት ተከፈተ። ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከሩሲያ ግዛት የሚሰደዱ አይሁድ፣ ከባልካን ቋንቋው የማይለይ ሕዝብ በየቀኑ በሺህ መውረድ ጀመረ። የድሮዎቹ ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች በገዛ ከተማቸው እንግዳ የሆኑ መሰላቸው። ገንዘቡንም በነዳጅና በብረት የከበሩ አዳዲስ ሰዎች ወስደውባቸው ነበር። ገንዘብ የማይገዛው፣ መጤ የማይደርስበት አንድ ነገር ቀራቸው፤ ቀድሞ መምጣት።

ስለዚህ ያ አሥር ዓመት የዘር ማኅበራት ዘመን ሆነ። የአሜሪካ አብዮት ወንዶች ልጆች በ1889፣ ሴቶች ልጆች በ1890፣ የቅኝ ግዛት ጦርነቶች ማኅበር በ1892 ተቋቋሙ። በ1894 የሃርቫርድ ምሩቃን ቦስተን ላይ የፍልሰት መገደቢያ ሊግ የሚባል ድርጅት መሠረቱ፤ ዓላማውን ስሙ ይናገራል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22፣ በዚያው የስሕተት የአባቶች ቀን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው የሜይፍላወር ተወላጆች ማኅበር ተቋቋመ። ሁለቱን የመሠረቷቸው አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። አንድ ዓይነት አየር ግን ይተነፍሱ ነበር፤ ይህን መካድ ታሪኩን ማሳመር ነው።

ማሳቹሴትስ፣ ኮነቲከትና ፔንሲልቬኒያ ተከተሉ። በጥር 12 ቀን 1897 የአራቱ መልእክተኞች ፕሊማውዝ ላይ ተሰብስበው ጠቅላይ ማኅበሩን አቋቋሙ፤ ያኔ የዓድዋ ድል ገና ዓመት አልሞላውም። የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዥ የኒው ዮርክ ሰው ሄንሪ ሃውላንድ ሆኑ፤ በገመድ ተንጠልጥሎ የተረፈው የዚያ ሎሌ ስም። ሹመቶቹን መርከቧን አስታውሰው ሰየሟቸው። ጠቅላይ ገዥ ብራድፎርድን፣ ጠቅላይ ሽማግሌ ዊልያም ብሩስተርን፣ ጠቅላይ ካፒቴን ማይልስ ስታንዲሽን፣ ጠቅላይ ሐኪም ሳሙኤል ፉለርን ያስታውሳሉ። ለአዋቂ ሰው ጨዋታ ይመስላል፤ ማዕረግ ግን በየትም አገር እንዲህ ነው የሚጀመረው።

እነዚህ ሹሞች በየሦስት ዓመቱ ፕሊማውዝ ላይ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ሥልጣኑ የበረታው ግን ከሁሉም ይልቅ ጠቅላይ ታሪክ ጸሐፊ የሚባለው ነው። የአመልካቹን ወረቀት አይቶ የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው እሱ ነውና።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከመርከቧ መንገደኛ ከአንዱ በቀጥታ መወለድህን፣ በእያንዳንዱ ትውልድ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ሰነድ እያቀረብክ ታሳያለህ። በአባት በኩልም ቢሆን በእናት በኩል ልዩነት የለውም። ወንድም ሴትም ይገባል። ርስት በአቅኚ አባት ሲቆጠር ለሰማ ሐበሻ ይህ ግር አይለውም፤ እዚያም ቤት በወንድም በሴትም ይቆጠር ነበር። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ የሚገኘው መሬት ሳይሆን ቁጥር መሆኑ ነው፤ የገባ ሰው የአባልነት ቁጥር ይሰጠዋል።

ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው ግን ከሹሞቹ አንዱ ሳይሆን የማሳቹሴትሱ ጸሐፊ ጆርጅ አርነስት ቦውማን ነው ብል አላጋነንኩም። ቦውማን የቤተሰብ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። ያን ጊዜ የከበረ ሁሉ አያቱን ከሜይፍላወር ያወርድ ነበር፤ መርከቧ ይዛዋለች የተባለው ወንበርና ሣጥን ሁሉ በእርግጥ ተጭኖ ቢሆን ከወደብ ሳትወጣ ትሰምጥ ነበር እየተባለ እስኪቀለድ ድረስ። ቦውማን በ1899 ዘ ሜይፍላወር ዲሴንዳንት የሚል መጽሔት ጀመረና የፕሊማውዝን ኑዛዜ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ቃል በቃል፣ ፊደል ሳያርም እየገለበጠ ማተም ያዘ። ሰው ከሞተ በኋላ በቤቱ የተገኘው ድስት፣ አንሶላ፣ የተሰበረ ጠመንጃ ሳይቀር ታተመ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ ኖረ።

መሥራቾቹ ያላሰቡት ነገር ከዚህ መጣ። አጥሩን በሰነድ አጠሩት፤ ሰነድ ደግሞ ሰው አይመርጥም። ከአሥራ ሁለት ትውልድ በፊት እያንዳንዳችን 4,096 የአያት ቦታ አለን፤ ከእነዚያ አንዱ ብቻ ሜይፍላወር ላይ ከነበረ ይበቃል። ከገዥው ከብራድፎርድ የተወለደና ከተሰቀለው ከቢሊንግተን የተወለደ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። የማኅበሩ ሰዎች የሸሹት የኤሊስ ደሴት መጤ የልጅ ልጅ፣ በእናቱ በኩል ወረቀቱን ካሟላ፣ ነገ በሩን አንኳኩቶ ይገባል። የማስረጃው ጥብቅነት በሩን አጠበበው ሲባል አሰፋው።

የብራድፎርድ መጽሐፍም አገሩ የገባው በዚያው በ1897 ነው። በሴናተር ጆርጅ ሆር ልመናና በአምባሳደር ቶማስ ቤያርድ እጅ ከለንደን ተመልሶ ለማሳቹሴትስ ተሰጠ።

ከ1920 እስከ 1941፦ ሐውልት፣ ዓሣ ሻጭና ቤት

ለሦስት መቶኛው ዓመት ፕሊማውዝ ተሸለመች። ድንጋዩ አምድ ባለው ዳስ ተከለለ። ጠቅላይ ማኅበሩ ኮልስ ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ የግራናይት የአጽም ሣጥን አቆመ፤ በመጀመሪያው የበረዶ ወራት በሌሊት ተቀብረው የነበሩትና በኋላ በየጎርፉና በየቁፋሮው የወጡት አጥንቶች በውስጡ አረፉ። በ1921 ከዚያው ኮረብታ ላይ የማሳሶይት የነሐስ ሐውልት ተተከለ። ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ መጥተው ተናገሩ። የከተማዋም ሰዎች የአባቶችን ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ እየተመታ ወደ ሌላው የመቃብር ኮረብታ የሚወጡበት ሰልፍ በዚያ ዓመት ተጀመረ።

ከሰልፉ ራቅ ብሎ፣ በከተማዋ ሰሜን፣ ገመድ የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ሠራተኛው ጣሊያንና ፖርቱጋል ነው። ባርቶሎሜዮ ቫንዜቲ በአንድ ወቅት እዚያ ሠርቶ፣ በኋላ በእጅ ጋሪ ዓሣ እየሸጠ ይኖር ነበር። በግንቦት 1920 ታሰረ፤ የመጀመሪያው ችሎቱ የተቀመጠው ፕሊማውዝ ላይ ነው። የተከሰሰበት ወንጀል ተፈጸመ በተባለበት በገና ዋዜማ ለበዓሉ ቤት ለቤት ዞሮ እባብ መሰል ዓሣ እንደሸጠላቸው ጎረቤቶቹ ጣሊያኖች መሰከሩለት። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች አላመኗቸውም። በሌላ ክስ ከጓደኛው ከሳኮ ጋር ሞት ተፈርዶበት በ1927 ተገደለ። የአባቶቹን ስደት በከበሮ ለምታከብር ከተማ የዘመኑ ስደተኛ ይህን ያህል ሩቅ ነበር። በ1924 ምክር ቤቱ የፍልሰትን በር በኮታ ዘጋው፤ የ1894ቱ ሊግ የለፋለት ሕግ።

ማኅበሩ በ1941 በፕሊማውዝ አንድ ትልቅ ቤት ገዝቶ መቀመጫው አደረገው። ቤቱን በ1754 የሠራው ኤድዋርድ ዊንስሎው ነው፤ የመርከቧ መንገደኛ የኤድዋርድ ዊንስሎው የልጅ ልጅ ልጅ። በአብዮቱ ጊዜ ግን ከንጉሡ ጎን ቆሞ፣ በጎረቤት ተጠልቶ፣ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተሰደደ። የአሜሪካ መሥራቾች ተወላጆች ማኅበር የተቀመጠው አሜሪካ ነጻ አገር ከምትሆን መሰደድ ይሻለኛል ብሎ በሄደ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው።

1975፦ ብርማዎቹ መጻሕፍት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አመልካቹ በዛ፤ ስሕተቱም አብሮ በዛ። ቀድሞ በወሬ ብቻ ገብተው የነበሩ የዘር ሐረጎች እንደገና ሲመረመሩ የማይቆሙ ነበሩ። ማኅበሩ ነገሩን ከሥሩ ለማጽዳት እያንዳንዱን መንገደኛ እስከ አምስተኛ ትውልድ ድረስ በሰነድ አጥንቶ ማተም ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1975 ወጣ። ከሽፋናቸው ቀለም የተነሳ ሰው ሁሉ «ብርማዎቹ መጻሕፍት» ይላቸዋል።

ከዚህ በኋላ ለአመልካች የሚከብደው ሩቁ ዘመን መሆኑ ቀረ። 1620 ተሠርቶ አልቋል፤ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ መጽሐፉን መግለጥ ነው። የሚያስቸግረው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ልጆቹ በሠረገላ ወደ ኦሃዮና ወደ አዮዋ ሲበተኑ፣ ሴቷ ስታገባ የአባቷ ስም ሲጠፋ፣ የወረዳው መዝገብ ቤት ሲቃጠል። ሰው የ1627ን የላም ክፍፍል ይዞ፣ የቅድመ አያቱን የጋብቻ ወረቀት አጥቶ ከበር ይመለሳል። ከ102ቱ ዘራቸው እስከ ዛሬ የታወቀው ከ20 የሚበልጡ ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ተወላጁ ግን በዓለም ዙሪያ እስከ 35 ሚሊዮን ይደርሳል ይላል ማኅበሩ። አባሉ ወደ 30 ሺህ ነው።

ከ1970 እስከ 1998፦ ያልተነበበው ንግግር

ለ350ኛው ዓመት የማሳቹሴትስ ባለሥልጣናት የግብር ማዕድ አዘጋጁ። ዋምሱታ ፍራንክ ጄምስ የሚባሉ የአኩዊና ዋምፓኖአግ ሰው፣ ሙዚቃ አስተማሪ፣ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ጽሑፋቸው አስቀድሞ ሲታይ መቃብር ስለመዘረፉ፣ መሬት ስለመወሰዱ፣ ሕዝባቸው እንግዶቹን እጁን ዘርግቶ መቀበሉ የመጥፊያው መጀመሪያ ስለመሆኑ ይናገራል። አዘጋጆቹ ሌላ ንግግር እንጻፍልዎ አሏቸው። እሳቸውም እምቢ ብለው ቀሩ። በዚያው ዓመት በታንክስጊቪንግ ቀን ኮልስ ሂል ላይ፣ ከማሳሶይት ሐውልት ሥር ቆመው ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገሩ። የሐዘን ቀን የሚባለው በዚያ ተጀመረ። ወጣቶች ድንጋዩን በአሸዋ ቀበሩት፤ በ1957 ከእንግሊዝ ተሠርታ የመጣችውን ሁለተኛዋን ሜይፍላወር ወጥተውባት ሰንደቋን አወረዱ።

የዋምፓኖአግ ልጆችም ያኔ የዘር ማስረጃ ይጠየቁ ነበር። የማሽፒ ዋምፓኖአጎች በ1976 መሬታችን ይመለስልን ብለው ሲከሱ፣ ፍርድ ቤቱ ስለ መሬቱ ሳይሆን መጀመሪያ ነገድ መሆናቸውን አረጋግጡ አላቸው። ለሳምንታት ባለሙያ ተከራከረ። በ1978 መጀመሪያ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች፣ በሕጉ በሚጠየቁት ዓመታት ሁሉ ነገድ ሆነው አልኖሩም ብለው ፈረዱ፤ ክሱም ወደቀ። ብርማዎቹ መጻሕፍት መታተም ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልሞላም። አንዱ ወገን ወረቀት የጻፈው፣ ያስቀመጠው፣ የሚመረምረው ራሱ ነው፤ ሌላው ወገን በጻፉበት ሰዎች ወረቀት ነው የሚመዘነው። የፌዴራል መንግሥቱ ማሽፒን ነገድ ብሎ ያወቀው በ2007 ነው።

በ1997 የሐዘን ቀን ሰልፈኞች ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ የታሰሩም ነበሩ። በ1998 ከተማዋ ታረቀች። ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዲሰለፉ ተስማማች፤ ኮረብታው ላይ ስለ ሐዘን ቀን፣ ከተማው መሐል ስለ ሜታኮም የሚናገር ጽላት ቆመ።

2020፦ አራት መቶኛው ዓመት

ለአራት መቶኛው ዓመት ዝግጅቱ ለዓመታት ሲጠነሰስ ነበር። በየካቲት 2020 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በሌሊት ድንጋዩን በቀይ ቀለም ለቀለቀው፤ በማለዳ አጠቡት። በሚቀጥለው ወር ኮሮና መጣ። የተጋበዘው እንግዳ ቀረ፤ ሰልፉ ቀረ፤ ግብዣው ወደ ኮምፒውተር መስኮት ገባ። የታደሰችው ሁለተኛዋ ሜይፍላወር በነሐሴ ወደብ ስትገባ የተቀበላት ሰው አፉን በጭንብል የሸፈነ ነበር። የሰፋሪዎቹን መንደር የሚያሳየው ሙዚየም በዚያ ዓመት ስሙን ለወጠ፤ ከፕሊማውዝ አጠገብ ፓቱክሴት የሚለው የድሮው ስም ገባ።

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ የአባቶቹ ሰልፍም የሐዘን ቀኑም እንደ ቀድሞው ይካሄዳሉ። በታንክስጊቪንግ ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ከበሮው ይመታል። የአባቶችን ልብስ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች፣ ከመጀመሪያው የበረዶ ወራት በተረፉት ቁጥር ልክ ሆነው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ መቃብሩ ኮረብታ ይወጣሉ። እላይ ደርሰው መዝሙር ይዘምሩና ይበተናሉ። በስድስት ሰዓት ኮልስ ሂል ላይ፣ ማኅበሩ ያቆመው የአጽም ሣጥን ካለበት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ሌላ ከበሮ ይጀምራል። ከሐዘንተኞቹ ብዙዎቹ ይጾማሉ።